የቀትር ስም ጠሪዋ

ሰው ሁሉ እኩለ ሌሊትን ይፈራል። እኔ ግን ዕድሜዬን ከቀትር ዜና ካሜራ ጀርባ ቆሜ የጨረስኩ ሰው ነኝና የምፈራው ቀትርን ነው። ሌሊት ቢያንስ መብራት ታበራለህ። ቀትር ላይ ምን ታበራለህ? ፀሐይዋ አናትህ ላይ ናት፣ ጥላህ እግርህ ሥር ገብቶ ተደብቋል፣ ውሻው እንኳ ከቆመ የጂፕኒ ታክሲ ሥር ተወሽቋል። እናቶቻችን በዚያ ሰዓት ልጅን በግድ የሚያስተኙት ለእንቅልፉ ተጨንቀው እንዳይመስልህ። ደጅ ምን እንደሚዞር ስለሚያውቁ ነው።

የእኛ ፕሮግራም የሚጀምረው በዚያ ሰዓት ነበር። ስሙም «ቀትር ላይ» ነው። ከማኒላ ጋር በተያያዘችው ኬሶን ሲቲ ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ጣቢያዎች ጀርባ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ የምንደረድርበት ትንሽ ጣቢያ ነበረን። ሲጀመር አንድ ሰውዬ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ወረቀት ያነብ ነበር፤ በቃ። ቀስ እያለ የአየር ሁኔታ ተጨመረ፣ ቀጥሎ የዓሣና የሩዝ ዋጋ፣ ቀጥሎ ደግሞ የተዋንያን ሐሜት። አንባቢዎቹ ተቀያየሩ፣ የመክፈቻው ሙዚቃ ተቀየረ፣ ያው አሮጌ ጠረጴዛ አዲስ እንዲመስል ስንት ጊዜ ቀለም ተቀባ። ያልተቀየረው የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው፤ የጠፉ ሰዎች ስም የሚጠራበት። ሕዝቡ ሩዙን ይዞ ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጠውም እሱን ለማየት ነበር፤ ስሙን የምትጠራውን ማናንግ ቲባን።

ሙሉ ስሟ ፕሪሚቲቫ ዳኩይኩይ ነው። ከሰሜን፣ ከኢሎኮስ፣ ኩሪማኦ ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ የመጣች የኢሎካኖ ሴት ናት። ማናንግ በቋንቋቸው ታላቅ እህት ማለት ነው። እኔ የቡላካን ሰው ብሆንም እንደ አገሯ ልጅ ማናንግ እላታለሁ፤ እሷም «አዲንግ» ትለኛለች፣ ታናሼ ለማለት። ኢሎካኖ ገንዘብ አይወጣውም እየተባለ ይቀለድበታል። ማናንግ ቲባ ለቀልዱ ምክንያት ሆና የተፈጠረች ነበረች። ጣቢያው የቀጠራት የአንባቢዎቹን ልብስ እንድትተኩስ ነው፤ ታዲያ ካውያውን ከነቀለች በኋላ በቀረው ሙቀት የራሷን ቀሚስ ትተኩስበታለች።

«ማናንግ፣ ዓሣውን ክር ላይ ሰቅለሽ እያየሽ ነው አሉ ሩዝሽን የምትበዪው» አልኳት አንድ ቀን።

«ማየትም እኮ ያልቃል» አለችኝ። «እኔ ጨፍኜ ነው የምበላው።»

ስም ጠሪ የሆነችው በጎርፍ ምክንያት ነው። ያን ዓመት ከባድ አውሎ ነፋስ አልፎ ሰዎች የጠፉባቸውን ዘመዶች ፎቶ ይዘው በራችን ላይ ተኮለኮሉ። ማናንግ ቲባ ዝናብ እንዳይመታቸው ወደ ውስጥ አስገብታ ፎቶውን ከእያንዳንዳቸው ተቀበለች። አንባቢያችን ግን ጎርፉ መንገድ ዘግቶበት ቀረ። የፕሮግራሙ አዘጋጅ ሚስ ዙሌታ፣ ቁጣዋ ከቁመቷ የሚበልጥ ሴት፣ ዙሪያዋን ብታይ ፎቶዎቹን የያዘችው ልብስ ተኳሿ ናት።

«አንቺ! ነይ ተቀመጪ። ማን የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል? አንብቢ።»

ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ፎቶ ወደ እኔ ካሜራ አዙራ ስሙን ጠራች። ከዚያ ማንም ያላዘዛትን ጨመረች። «ና እንሂድ፤ እዚህ አትቅር።» ሁለተኛውንም እንዲሁ፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። ለሴቶቹ «ነይ እንሂድ፤ እዚህ አትቅሪ» እያለች ሁሉንም ጨረሰች።

በአገሯ ሰው ከወንዝ ዳር፣ ከባሕር ዳር፣ ከማያውቀው ቤት ሲነሳ የልጁን ስም ጠርቶ እንዲህ ይላል። ሥጋ ሲነሳ ነፍስ ጨዋታ ይዟት ልትዘገይ ትችላለች። ካልተጠራች እዚያው ትቀራለች። የቀረችበት ሰው ይበላል፣ ይሠራል፣ ያገባል፤ ግን ጎደሎ ነው። ማናንግ ቲባ ይህን ነገር በየትም ቦታ አትዘለውም። ከስቱዲዮ በወጣን ቁጥር እኔንም ትጠራኝ ነበር። «ዴልፊን፣ ና እንሂድ፤ እዚህ አትቅር!»

«ደሞዝ በማይጨመርበት ቤት ማን ይቀራል?» እላታለሁ። ትስቃለች፤ ግን እስክከተላት ድረስ ከበሩ አትንቀሳቀስም።

ሚስ ዙሌታ ያን ቀን ልትፈነዳ ነበር። «ይሄ ዜና ነው ወይስ ጠንቋይ ቤት?» ብላ ጮኸች። ነገር ግን ስልኩ መጮህ ጀመረ። አእምሮውን ስቶ ከቤት የጠፋ አንድ ሽማግሌ ድልድይ ሥር ከተኛበት ተነስቶ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ልጁ ቤት ድረስ በእግሩ ሄዷል። እንዴት መጣህ ሲሉት «ሴትዮዋ ጠራችኝ» አለ። ድልድዩ ሥር ቴሌቪዥን አልነበረም። ሬዲዮም አልነበረም። እኔ አጋጣሚ ነው አልኩ፤ ሰው ሲፈራ የሚለውን ነው ያልኩት። ከዚያ በኋላ ሌሎችም መጡ፣ ሁሉም ስለ አንዲት ሴት ድምፅ አወሩ። ሚስ ዙሌታም ተመልካቹ ሲበዛ ቁጣዋ በረደ። «ጠንቋይ ቤትም ቢሆን ማስታወቂያ ያመጣልናል» አለችና ማናንግ ቲባን ከካውያው አንስታ ጠረጴዛው ፊት አስቀመጠቻት። ማናንግ ግን መተኮሱን አልተወችም።

ነገሩ የተበላሸው ናቮታስ ከሚባለው የዓሣ አጥማጆች ሰፈር በመጣች ሴት ነው። ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ወጥቶ አልተመለሰም። ማናንግ ቲባ ስሙን ጠራችላት። በማግስቱ ፕሮግራሙ ሊጀመር ሲል ስልክ ተደወለና እኔ አነሳሁት።

«አመሰግናለሁ፣ መጥቷል» አለች ሴትዮዋ። የምታንሾካሹክ ይመስላል። «እባካችሁ ሁለተኛ እንዳትጠሩት።»

«እሰይ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ምነው ድምፅሽ ታዲያ?»

«ጓዳ ውስጥ ቆሟል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ከትናንት ቀትር ጀምሮ ከልብሱ ውኃ ይንጠባጠባል፤ እየወለወልኩ ነው፣ አልቆም አለኝ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ነውር ነው፣ ግን ዘጋሁት። ሄጄ ለማናንግ ቲባ ነገርኳት። ካውያውን ነቀለችና ቆመች። ሙቀቱ እንደዚያው በከንቱ በረደ፤ ቀሚሷንም አላመጣችም። ያኔ ነው እኔ እውነተኛ ፍርሃት የያዘኝ።

ከዚያ ወዲያ በሩ ላይ ፎቶ ይዞ የሚመጣን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምትጠይቀው «የብስ ነው ባሕር?» ብላ ነው። ባሕር ካሉ ፎቶውን ትመልሳለች። «ባሕር የወሰደውን አልጠራም» ትላለች። ስንቱ ረገማት መሰለህ! አንዷ ፊቷ ላይ ተፋችባት። ማናንግ ቲባ ፊቷን በሽርጧ ጠርጋ ሴትዮዋን ውኃ አጠጣቻትና ሸኘቻት። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን የምመልሰው ሌላ ነበር።

ለምን እንዲህ እንደምትሆን የነገረችኝ የደረቀ ዓሣዋን እየቆረጠመች፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ ነው። የማወራው ሌላ ነገር ነበር፤ አቋርጣኝ ጀመረች።

«የእኔንም ልጅ ባሕር ነው የወሰደው፣ አዲንግ።»

ልጇ ኤልፒዲዮ ይባላል፤ ፒዲዮ ትለዋለች። ባሏ ሞቶባት ኩሪማኦን ለቃ ወደ ማኒላ ስትመጣ ልጁ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። የመነሻቸው ዕለት ቀትር ላይ ባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ሲጫወት ቆየ። አውቶቡሱ ደረሰና ጥሩንባውን አስጮኸው። እሷ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ጆንያ ሩዝና በሌላ ጆንያ አንዲት ዶሮ ይዛለች። ሮጣ ልጁን በእጁ ጎትታ ተሳፈረች።

«ዶሮዋን ሳይቀር ጠራኋት» አለችኝ። «በጆንያ ውስጥ ያለችውን ዶሮ! ነይ እንሂድ፣ አትቅሪ አልኳት። እሱን ግን አልጠራሁትም። እጁን ይዤዋለሁ ብዬ ነው። እጅ ምን ዋጋ አለው?»

ፒዲዮ ማኒላ ውስጥ አደገ። ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ቢያስቀምጡትም ፊቱ ባሕር ወዳለበት አቅጣጫ ይዞራል። አደገ፣ ኔሊያ የምትባል ጥሩ ልጅ አገባ፣ ከዚያ በቃ የዓሣ ጀልባ ላይ ካልተቀጠርኩ አለ። ጀልባዋ ኋላ ባዶዋን ስትንሳፈፍ ተገኘች። የእሱ አስከሬን አልተገኘም። ማናንግ ቲባ የሰውን ሁሉ ስም ስትጠራ የእሱን አንድም ቀን አልጠራችም። ካልጠራችው በሕይወት ሊኖር ይችላል። ከጠራችው ግን የሚመጣው ምን እንደሆነ ከናቮታሷ ሴት ጓዳ አውቃለች።

ኔሊያ ግን በየዓመቱ በልደቱ ቀን ፎቶውን ይዛ በራችን ላይ ትቆም ነበር። ትለምናለች፣ ማናንግ ቲባ እንቢ ትላለች፣ አብረው ያለቅሳሉ፣ ምሳ ይበላሉ፣ ትሄዳለች። የዘበኛችን የማንግ ቱሪንግ፣ አቶ ቱሪንግ እንደ ማለት ነው፣ ሥራ ለሁለቱም ወንበር ማቅረብ ነበር።

በመጨረሻ ጣቢያው ተሸጠ። አዲሶቹ ባለቤቶች ቀትርን ለዘፈን ውድድር ፈለጉት። ሚስ ዙሌታ ሰበሰበችንና «ዓርብ የመጨረሻችን ነው» ብላ ፊቷን ዞር አደረገች። ያቺ ቁጡ ሴትዮ ስታለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም አልቅሻለሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

ዓርብ ዕለት ኔሊያ መጣች። ልደቱ አልነበረም። እኔ በሩ ላይ ሲጋራ እያጨስኩ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ናናንግ» አለቻት፤ እማ ለማለት ነው። «ዛሬ ካልጠሩት ነገ የሚጠራበት ቦታ የለም።»

«ባሕር የወሰደውን አልጠራም ልጄ። ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። እኔ ግን ሚስትም አይደለሁ፣ መበለትም አይደለሁ። ያ የነገርኩዎት ሹፌር አሁንም እየጠበቀኝ ነው። ደግ ሰው ነው። እሺ ልለው አፌን ስከፍት በሩ የሚንኳኳ ይመስለኛል።»

«ቢመጣና ጓዳሽ ቢቆምስ? ውኃው እየተንጠባጠበ?»

«ይቁም! አይቼው አለቅስለታለሁ፣ ጸሎት አደርግለታለሁ፣ እሸኘዋለሁ። እኔ አልፈራሁም ናናንግ። የፈሩት እርስዎ ነዎት። በእርስዎ ፍርሃት እኔ አረጀሁ።»

ማንግ ቱሪንግ ወንበሩን ይዞ እንደቆመ ቀረ። ማናንግ ቲባ እጇን ዘርግታ ፎቶውን ተቀበለች፤ ፒዲዮ በሠርጉ ልብስ፣ ጢም አብቅሎ፣ ከካሜራው ባሻገር ሲያይ። «ግቢና በሩ አጠገብ ቁሚ» አለቻት። «የሚመጣውን መጀመሪያ አንቺ እዪው።»

ፕሮግራሙ ተጀመረ። ዜናው አለፈ፣ የሩዝ ዋጋ አለፈ። የማናንግ ቲባ ተራ ደረሰና የየብሶቹን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ጠራች። የመጨረሻውን ፎቶ አነሳች።

«ኤልፒዲዮ ዳኩይኩይ» አለች። ዝም አለች።

በቀጥታ ስርጭት ላይ ዝምታ ሞት ነው። ሚስ ዙሌታ በጆሮ ማዳመጫዬ ውስጥ «ምን ሆነች? ዴልፊን፣ ምን ሆነች?» እያለች ትጮሃለች። ማናንግ ቲባ ፎቶውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ቀና ስትል ፊቷ ሌላ ነበር፤ የወጣት ሴት ፊት፣ የተዋከበች፣ ዕቃ የበዛባት ሴት ፊት።

«ፒዲዮ!» ብላ ተጣራች። እስከዚያ ቀን ድረስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም ነበር። «ፒዲዮ፣ አውቶቡሱ ደርሷል! ጨዋታ ይበቃል። አሸዋውን ከእግርህ አራግፍና ና እንሂድ። እዚያ አትቅር ልጄ። እዚያ አትቅር።»

የስቱዲዮው በር ከባድ ነው፤ ድምፅ እንዳይገባ የተሠራ ስለሆነ በትከሻ ገፍተህ ነው የምትከፍተው። በላዩ ላይ ቀይ መብራት ሲበራ ማንግ ቱሪንግ ደጅ ቆሞ ይይዘዋል። ተከፈተ። ኔሊያ ወደኋላ ተሸራተተች። ማንም አልገባም። ማንግ ቱሪንግ ደጅ በቀትሩ ፀሐይ ውስጥ አፉን ከፍቶ ቆሞ ይታየኛል።

ከዚያ ወለሉን አየሁ። የስቱዲዮአችን ወለል ጥቁር ነው፤ ጠብታ ውኃ ከወደቀበት ያበራል። የእግር ዱካ ታየበት፤ እርጥብ፣ አንዱ ከሌላው ፊት እየቀደመ። ዱካው የጢማሙ ሰውዬ አልነበረም። ትንሽ ነበር። ልጅ ሲሮጥ እንደሚያደርገው ተረከዝ የለውም፣ ጣቶቹ ብቻ ናቸው። በኔሊያ አጠገብ ሳይቆም አለፈ፣ በእኔ ካሜራ እግሮች መሀል አለፈ። የባሕር ሣር ሸተተኝ። ካሜራውን አቀፍኩት። ዱካው ጠረጴዛው ሥር ገባና እዚያ ቀረ።

ማናንግ ቲባ ዓይኗን ከካሜራው አውርዳ ወደ ጉልበቷ አየች። እጇን ዝቅ አድርጋ በአየር ላይ አሳረፈችው። ሰው የልጅ ፀጉር ሲዳብስ እጁ እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ። ተመልካቹ ይህን አላየም፤ ያየው አንዲት አሮጊት አቀርቅራ ስትስቅና ስታለቅስ ነው፤ ፕሮግራሙ ስለተዘጋ አዝና ነው ብሎ አወራ። ሚስ ዙሌታ ሙዚቃውን ለቀቀችው። «ቀትር ላይ» በዚህ አበቃ።

መብራቱ ሲጠፋ ኔሊያ ጎንበስ አለችና መዳፏን ከአንዱ ዱካ ጎን አኖረች። ዱካው ከመዳፏ ያንስ ነበር።

«ይሄን ልጅ አላውቀውም» አለች። «ይሄ የናናንግ ነው። እኔ ያገባሁት ያለዚህ ልጅ የቀረውን ነው።» መዳፏን አነሳችና «እሱ ካልመጣ የለም ማለት ነው» አለች። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ መበለት አለቀሰች። ማናንግ ቲባ አጠገቧ ተቀምጣ አቀፈቻት፤ በአንድ እጇ ብቻ። ሌላው እጇ ሥራ ይዟል።

ወደ ቤት ስንሄድ ሁለታችን አንድ ጂፕኒ ያዝን። ማናንግ ቲባ ገንዘቧን አውጥታ በተሳፋሪው እጅ ለእጅ ወደ ሹፌሩ አሳለፈችና «ሁለት ሰው» አለች። ለእኔ የከፈለች መስሎኝ በድንጋጤ ልሞት ነበር።

«ለአንተ አይደለም» አለችኝ። «ለአንተ ራስህ ክፈል።»

«ማናንግ፣ ትንሽ ልጅ እቅፍ ውስጥ ከተያዘ እኮ አይከፈልበትም» አልኳት፤ እንደ ድሮአችን ልቀልድ ብዬ።

«አውቃለሁ። መስኮት አጠገብ መቀመጥ ይወዳል።»

ኔሊያ ያን ሲጠብቃት የኖረውን ሹፌር አገባች። ሠርጉ ላይ ማናንግ ቲባ በእናት ቦታ ተቀመጠች፤ ከጎኗ ያለው ወንበር ላይ ማንም እንዳይቀመጥ ቦርሳዋን አኖረችበት። እኔ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ልጠይቃት አልሄድኩም። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ባለፈው ሰሞን ግን አፈርኩና ሄድኩ፤ ደግሞ እንደ ሞኝ ቀትር ላይ ደረስኩ።

አርጅታለች፤ ግን ፊቷ ሞልቷል። ቤቷ ውስጥ አንድ ማራገቢያ አላት፤ ወደ ባዶ ወንበር ዞሮ ይሠራል። ማናንግ ቲባ ለባዶ ወንበር ኤሌክትሪክ ስታቃጥል! ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን ቀረበ፣ በሦስቱም ላይ ሩዝና የደረቀ ዓሣ። የእኔን አጎንብሼ በላሁ። የሦስተኛው ሳህን ሩዝ ይጉደል አይጉደል አላውቅም፤ አላየሁትም፣ ማየትም አልፈለግሁም። ስለ ሚስ ዙሌታ አወራን፣ ስለ ማንግ ቱሪንግ ሞት አወራን፣ ስለ ጉልበቴ ሕመም ቀለደችብኝ። ሳቅን። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ እንደዚያም ፈርቼ አላውቅም።

ስነሳ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ደረጃውን ወርጄ መንገዱ ላይ ስደርስ ጥላዬ እግሬ ሥር ነበር። ከኋላዬ እንደ ጥንቱ ተጣራች።

«ዴልፊን! ና እንሂድ፤ እዚህ አትቅር!»

ዞር አልኩ። በሩ መሀል ቆማለች። ከጀርባዋ፣ ቤቱ ውስጥ፣ ወንበር ወለሉን ሲፍቅ ተሰማኝ፤ ከዚያ የሚሮጡ ትንንሽ እግሮች። ማናንግ ቲባ ፊቷን ፈጥና ወደ ውስጥ አዞረችና እጇን በበሩ ላይ ዘረጋች።

«አንተን አይደለም» አለች። «አንተ ቁጭ በል። ሩዝህን ጨርስ።»